ለፍላይ ዘንጋችሁ ልኩን ክር መምረጥ፦ ከሐይቅ ዳር የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ጅራፍ ገምዶ ያጮኸ የወሎ ልጅ የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ከወዲሁ ያውቀዋል። ጅራፍ ከእጀታው አጠገብ ወፍራም ነው። ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። የእጅ ጉልበት በወፍራሙ ይገባና በቀጭኑ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ጫፉ ይጮሃል። እጀታውና ገመዱ ካልተመጣጠኑ ግን ክንድ እስኪዝል ቢወዘውዙት ድምፅ የለም። ከባድ ገመድ ቀጭን ልምጭ ላይ ሲታሰር ልምጩ ይተኛል። ቀላል ገመድ ወፍራም ዱላ ላይ ሲታሰር ደግሞ ዱላው ገመድ መያዙንም አያውቅ።

የፍላይ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የማጥመጃ፣ ዘንግና ክሩም እንደዚያው ናቸው። በተለመደው መንጠቆ ስናጠምድ የምንወረውረው እርሳሱን ነው። ክሩ ተከትሎት ይሄዳል። በፍላይ ግን መንጠቆው ላይ ያለችው ሰው ሠራሽ ዝንብ ከላባና ከፈትል የተሠራች ናት፤ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የምንወረውረው ክሩን ራሱን ነው። ለዚህም ነው የፍላይ ክር ወፍራም፣ በፕላስቲክ የተለበጠና ክብደቱ ተለክቶ የሚሠራው። ክብደቱ ዘንጉን ያጎብጠዋል፤ ዘንጉ ሲቃና ክሩን ያስፈነጥረዋል። ክሩ ከቀለለ ዘንጉ አይጎብጥም። ከከበደ ጎብጦ ይቀራል።

እኔ ደሴ ውስጥ የፍላይ ክር የሚሸጥ ሱቅ አግኝቼ አላውቅም። የእኔም የጓደኞቼም ዕቃ የመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። የመጣው ካልተስማማ መመለስ የለም፤ ሌላ መንገደኛ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ክር ከማስላካችሁ በፊት የምትፈልጉትን በትክክል ማወቅ አለባችሁ።

የእኔ ዘንግ 9 ጫማ ርዝመት አለው። 5 ቁጥር ተብሎ ተጽፎበታል። አብሮት የመጣው ክርም 5 ቁጥር ነበር። ቁጥራቸው አንድ ነው ብዬ ወደ ሐይቅ ወረድኩ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሙሉ ክሩ ከፊቴ ስድስት ሜትር ላይ እየተኮማተረ ወደቀ። ጥፋቱ ሁሉ የእጄ መሰለኝ። ልተወው አስቤም ነበር። በኋላ ዘንጉንም ክሩንም ለየብቻ ስለካቸው ነገሩ ተገለጠልኝ። ያንን አለካክ ነው አሁን የማካፍላችሁ።

ቁጥሩ የማን ቁጥር ነው?

መጀመሪያ ይህ ይጥራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቁጥሩ ከመነሻው የክሩ ነው። ድሮ ክር ሁሉ ከሐር ሲሠራ መለያው ፊደል ነበር። ፊደሉ የክሩን ውፍረት ይናገራል፤ ውፍረቱን ያወቀ ክብደቱን ያውቃል። ናይለንና ፕላስቲክ ሲመጡ ይህ ፈረሰ። እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ክሮች እኩል መመዘናቸው ቀረ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ አምራቾች ማኅበር በክብደት የሚለይ ቁጥር አወጣ። የክሩ የመጀመሪያ 30 ጫማ፣ ማለትም 9.14 ሜትር ይመዘናል። ክብደቱ ቁጥሩን ይሰጣል።

የሚመዘንበት ልክ ግሬይን ይባላል። ቃሉ የእህል ፍሬ ማለት ነው፤ ልኩም የመጣው ከእህል ፍሬ ክብደት ነው። 1 ግሬይን 0.065 ግራም ገደማ ነው። ወደ ግራም ስንመልሰው እንዲህ ይሆናል፦

3 ቁጥር፦ 6.5 ግራም
4 ቁጥር፦ 7.8 ግራም
5 ቁጥር፦ 9.1 ግራም
6 ቁጥር፦ 10.4 ግራም
7 ቁጥር፦ 12.0 ግራም
8 ቁጥር፦ 13.6 ግራም
9 ቁጥር፦ 15.6 ግራም

ትንሽ መዛነፍ ይፈቀዳል። ለምሳሌ ከ8.7 እስከ 9.5 ግራም የሚመዝን ሁሉ 5 ቁጥር ነው።

የዘንጉ ቁጥር ግን ሚዛን ላይ ወጥቶ አያውቅም። ፋብሪካው ዘንጉን ይሠራል፣ ይወረውርበታል፣ ከዚያ ይህኛው ክር ይስማማዋል ብሎ ይጽፋል። ምክር ነው እንጂ ልኬት አይደለም። ሁለት ፋብሪካዎች 5 ብለው የጻፉባቸው ዘንጎች በጥንካሬ አንድ ሙሉ ቁጥር ሊለያዩ ይችላሉ። በዘንጉ ላይ ያለውን ቁጥር እንደ መነሻ ያዙት። እንደ ፍርድ አትቀበሉት።

ደረጃ 1፦ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ

ከእጀታው ከፍ ብሎ ርዝመቱና ቁጥሩ ይጻፋል። 9 ጫማ 2.74 ሜትር ነው። አንዳንድ ዘንግ 5/6 ተብሎ ሁለት ቁጥር ይይዛል። የድሮው ልማድ ትንሹ ቁጥር በሁለቱም ጫፍ እኩል ለሚቀጥነው ክር፣ ትልቁ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ለተሰበሰበው ክር ነው። ስፔይ ወይም ስዊች የሚል ካያችሁ ግን ቆም በሉ። በሁለት እጅ የሚወረወሩት የእነዚህ ቁጥር በሌላ ስሌት የተሠራ ነው፤ የእነርሱ 5 ከእኛ 5 እጅግ ይከብዳል። ጽሑፉ ተፍቆ ከጠፋ አትጨነቁ፤ ደረጃ 3 ይክሳችኋል።

ደረጃ 2፦ የት ላይ እንደሚጎብጥ እዩ

አክሽን የሚሉት ዘንጉ የሚጎብጥበትን ቦታ ነው። ጥንካሬ ደግሞ ለመጉበጥ የሚፈልገው ክብደት ነው። ሁለቱ ይምታታሉ፤ ግን የተለያዩ ናቸው። ጫፉ ላይ ብቻ የሚጎብጥ ሆኖ ለ3 ቁጥር የተሠራ ስስ ዘንግ አለ። እስከ እጀታው የሚጎብጥ ሆኖ ለ8 ቁጥር የተሠራ ብርቱ ዘንግም አለ።

ዘንጉን ገጣጥሙ። አንዳችሁ እጀታውን አግድም ያዙ። ሌላው ከጫፉ ማለፊያ (ክሩ ከሚያልፍበት ቀለበት) ላይ ፈትል አስሮ ቀስ አድርጎ ወደ መሬት ይሳብ። ጫፉን በጣት አትጎትቱት፤ ዘንግ የሚሰበረው እንደዚያ ሲያዝ ነው። ሦስተኛ ሰው ከጎን በስልክ ፎቶ ያንሳ። ፎቶው ላይ የላይኛው ሲሶ ብቻ ከጎበጠ ዘንጉ ፈጣን ነው። እስከ ወገቡ ከጎበጠ መካከለኛ ነው። እስከ እጀታው ከወረደ ዝግ ያለ ነው። የካርቦን ዘንጎች አብዛኛውን ጊዜ ፈጣን ናቸው፤ የፋይበር ግላስና የቀርከሃ ዘንጎች ዝግ ይላሉ።

ይህ ለክር ምርጫ ለምን ይጠቅማል? ዝግ ያለ ዘንግ በራሱ ክብደት ጭምር ይጎብጣል። ለአጭር ውርወራ ብዙ ክር አይፈልግም፤ ሲጫኑት ግን ቶሎ ይደክማል። ፈጣን ዘንግ በተቃራኒው ነው። በቂ ክብደት ካልተሰማው ዝም ብሎ ይቆማል፤ ከበድ ያለውን ግን ይችላል።

ደረጃ 3፦ ጥንካሬውን በውሃ ለኩ

ይህን ዘዴ ያሰራጨው ዊሊያም ሃነማን የተባለ አሜሪካዊ ነው። እርሱ የተጠቀመው በአገሩ ሳንቲም ነው። እኛ ጋ ውሃ ይቀላል፤ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ነውና። የሚያስፈልገው ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ሲሪንጅ፣ ስስ ፌስታል፣ ጠመኔና ሜትር ነው።

እጀታውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጠረጴዛ ላይ አግድም በሞርሳ እሰሩት። ሞርሳ ከሌለ ሁለት ሰው ተጭኖ ይያዘው። ከጫፉ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ጫፉ ያረፈበትን ከፍታ በጠመኔ አስምሩ። አሁን የዘንጉን ርዝመት ለሦስት አካፍሉ። ለ9 ጫማ ዘንግ 91 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ያን ያህል ወደ ታች ለክታችሁ ሁለተኛ መስመር አስምሩ። ፌስታሉን በፈትል ከጫፉ ማለፊያ ላይ ስቀሉት። ውሃውን በሲሪንጅ ትንሽ በትንሽ ጨምሩ፤ ጫፉ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ አቁሙ። ከዚያ በላይ አትጫኑት። የገባውን ውሃና የፌስታሉን ክብደት ደምሩና ጻፉ።

ያ ግራም የዘንጋችሁ ጥንካሬ ነው። ለብቻው ግን ብዙ አይናገርም። ከክሩ ጋር የተስማማ የጓደኛ ዘንግ ፈልጉና እርሱንም እንዲሁ ለኩት። የእኔ ዘንግ 5 ተጽፎበት፣ 5 ከተጻፈበት የጓደኛዬ ዘንግ 20 ግራም ያህል ብልጫ ውሃ ጠየቀ። የጓደኛዬ ዘንግ በ5 ቁጥር ክር እንደ ልቡ የሚወረውር ነው። የእኔ በስም 5 ይሁን እንጂ በጉልበቱ ወደ 6 የሚያደላ ነበር።

ጫፉ ታች እንደሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። ጫፉ ከአግድም መስመር ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ በፎቶው ላይ ለኩ። በሃነማን አከፋፈል ከ66 በላይ ከሆነ ፈጣን፣ ከ59 በታች ከሆነ ዝግ ያለ ነው። ደረጃ 2 ላይ በዓይን ያያችሁትን በቁጥር ያረጋግጥላችኋል።

ደረጃ 4፦ ክሩን በወርቅ ሚዛን መዝኑ

ግራምን ከነክፋዩ የሚያሳይ ሚዛን ያለው ወርቅ ቤት ነው። ክሬን ይዤ ደሴ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። ነገሩን ሳስረዳቸው ባለቤቱ አልገረማቸውም። «አብሽር ልጄ፣ እዚህ አስቀምጠው» ብለው ሚዛኑን አጸዱልኝ። ክፍያም አልተቀበሉኝም።

አመዛዘኑ ይህ ነው። የክሩ ጫፍ ላይ በጥቂት ሳንቲ ሜትር የሚቆጠር ቀጭን ቀጥ ያለ ቁራጭ አለ፤ እርሱ አይቆጠርም። ከእርሱ ቀጥሎ 9.14 ሜትር ለኩና በቀለም ክር ምልክት አድርጉ። እስከ ምልክቱ ያለውን ጠቅልላችሁ ሚዛኑ ላይ አድርጉ። የቀረውን ክር በሚዛኑ ከፍታ ልክ ባለ ሳጥን ላይ አስቀምጡት፤ ከተንጠለጠለ ሚዛኑን ይጎትታል። መቁረጥ አያስፈልግም።

የእኔ 8.8 ግራም ወጣ። እንግዲህ ክሩ 5 ነው፤ ግን የ5 ቀላሉ። ዘንጉ ደግሞ የ5 ብርቱው። ሁለቱም የሠሪያቸውን ቃል ጠብቀዋል፤ አብረው ግን አልሠሩም።

ተቃራኒውም ይገጥማል። ዛሬ ዘንጎች እየጠነከሩ ስለመጡ አንዳንድ ፋብሪካ ክሩን በግማሽ ወይም በሙሉ ቁጥር አክብዶ ይሠራል። ካርቶኑ 5 ይላል፤ ሚዛኑ ወደ 6 ይጠጋል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የግራም ወይም የግሬይን ልክ ካለ ከቁጥሩ በላይ እርሱን እመኑ።

ደረጃ 5፦ ስንት ሜትር ነው የምትወረውሩት?

ለእኔ የጉዳዩ ልብ ይህ ነው። ቁጥሩ የሚሠራው 9 ሜትር ክር አየር ላይ ሲኖር ነው። እናንተ የምታጠምዱት ስንት ሜትር ላይ ነው?

እንቁጠረው። 5 ቁጥር ክር በሜትር 1 ግራም ያህል ይመዝናል። ስድስት ሜትር ብቻ ስትለቁ ዘንጉ የሚሰማው 6 ግራም ነው፤ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ እንዲያውም ያንሳል። ይህ የ3 ቁጥር ክር ክብደትም አይሞላም። ለ5 የተሠራ ዘንግ በ3 ቁጥር ክር እየሠራ ነው ማለት ነው። በሁለቱም ጫፍ የሚቀጥነውን ክር 13 ሜትር ስትለቁ ደግሞ ወደ 13 ግራም ይጠጋል፤ ያ ከ7 ቁጥር ይበልጣል። ክሩ አንድ፣ ዘንጉ አንድ፣ ሸክሙ ግን በእጥፍ ተለያየ።

ሐይቅ ላይ ከዳር ቆመን ቄጠማው ጠርዝ ላይ ቆሮሶ ስንፈልግ ከስድስት እስከ ስምንት ሜትር ይበቃናል። ወደ ቦርከና በመሰለ ወንዝ ስንወርድ አራትና አምስት ሜትር ነው። ታንኳ ላይ ስንወጣ ወይም ካርፕ ገለጥ ያለ ውሃ ላይ ስናይ 12 ሜትርና ከዚያ በላይ እንወረውራለን። እንግዲህ እንዲህ ምረጡ።

ዘንጋችሁ ፈጣንና ጠንካራ ሆኖ የምታጠምዱት ቅርብ ከሆነ አንድ ቁጥር ጨምሩ። እዚህ ላይ ቅንጣት አላመነታም። ወደ ሐይቅ ዳር ለሚወርድ አብዛኛው ሰው ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዘንጉ ፈጣን ሆኖ ርቀታችሁ ዘጠኝና አሥር ሜትር ከሆነ የተጻፈውን ቁጥር ያዙ፤ ደረጃ 3 ዘንጉ ብርቱ ነው ካላችሁ ግን ያንኑ አንድ ቁጥር ጨምሩ።

ዘንጋችሁ ዝግ ያለ ከሆነ በተጻፈው ቁጥር ጽኑ። ለቅርብ በቂ ነው። ሩቅ የምትወረውሩ ከሆነና ክራችሁ በሁለቱም ጫፍ የሚቀጥን ዓይነት ከሆነ አንድ ቁጥር መቀነስም ያስኬዳል። ሁለት ቁጥር መጨመር ግን ለማንኛውም ዘንግ አልመክርም። ዘንጉ ወዲያው አይሰበርም፤ ሕይወቱን ግን ያጣል።

ስለ ክሩ ቅርጽ አንድ ቃል። ክብደቱ ወደ ፊት የተሰበሰበው ክር ከወፍራሙ ክፍል በኋላ ስለሚቀጥን ርቀት ሲጨምር ሸክሙ ብዙ አይጨምርም። ለጀማሪና ለሩቅ ውርወራ እርሱ ይሻላል። በሁለቱም ጫፍ የሚቀጥነው ግን አንዱ ጫፍ ሲያረጅ ተገልብጦ ይታሰራል። ክር በመንገደኛ ለሚመጣለት ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። ብዙ ሰው ትልቅ ዓሣ ከፈለገ ከባድ ክር ይፈልጋል። የክሩን ቁጥር የሚወስነው ግን በመጀመሪያ የዝንቧ ክብደትና የነፋሱ ጉልበት ነው። ለቆሮሶ የምትሆን በ12 ወይም 14 ቁጥር መንጠቆ ላይ የታሰረች ትንሽ ዝንብ በ5 ቁጥር ክር በደንብ ትሄዳለች። የመንጠቆ ቁጥር ሲያንስ መንጠቆው ይተልቃል፤ ለአምባዛ የሚሆነውን በ2 ቁጥር መንጠቆ የታሰረ፣ ውሃ የጠጣ ትልቅ ዝንብ ግን 5 ቁጥር ክር ጎትቶ አያደርሰውም። ለእርሱ 7 ወይም 8 ቁጥር ክር ከነዘንጉ ያስፈልጋል። በ5 ቁጥር ዘንግ ላይ 8 ቁጥር ክር አስሬ አምባዛ ላጥምድ የሚል ሰው ካያችሁ እባካችሁ አስቁሙት።

ደረጃ 6፦ አውድማ ላይ ሞክሩ

ልኬት መንገድ ያሳያል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ውርወራ ነው። ውሃ ላይ አትሞክሩ፤ ዓሣው ሐሳባችሁን ይሰርቃል። አውድማ ወይም የኳስ ሜዳ ፈልጉ። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ይሁን። መንጠቆ አታስሩ፤ በምትኩ ከሊደሩ (ከፍላይ ክሩ ጫፍ ከሚታሰረው ቀጭን ክር) ጫፍ ቀይ የሱፍ ክር ቋጥሩ። ስድስት፣ ዘጠኝና 12 ሜትር ላይ ድንጋይ አስቀምጡ።

እጃችሁን ልክ ያዙ። በጎናችሁ የግድግዳ ሰዓት እንዳለ አስቡ፤ ዘንጉ ወደ ፊት 10 ቁጥር ላይ፣ ወደ ኋላ 1 ቁጥር ላይ ይቁም። የምላችሁ ሰዓት ቆጠራውን ሳይሆን ሰዓቱ ፊት ላይ የተጻፉትን አኀዞች ነው። ወደ ኋላ የሄደው ክር እስኪዘረጋ ጠብቁ። ከዚያ ወደ ፊት።

ክሩ ለዘንጉ ከቀለለ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ዘንጉ በእጃችሁ ውስጥ እንደ ዱላ ይቆማል። ክሩ ከኋላ ሲዘረጋ መሳቡ አይሰማችሁም። ሳታስቡት ጉልበት ትጨምራላችሁ፤ ያን ጊዜ ክሩ ከራሱ ጋር ይጋጫል፣ ሊደሩም ላይ ትንንሽ ቋጠሮ ታገኛላችሁ። ስድስት ሜትር ላይ ተኮማትሮ ይወድቃል፤ 12 ሜትር ላይ ግን በድንገት ይሻሻላል። ራቅ ሲል መሻሻሉ ትልቁ ማስረጃ ነው።

ክሩ ከከበደ ዘንጉ እስከ እጀታው ታጥፎ ለመቃናት ይዘገያል። ክሩ አየር ላይ የሚሠራው ቀለበት ሰፊና ልፍስፍስ ይሆናል። ወደ ኋላ የሄደው ክር መሬቱን ይነካል። ርቀት በጨመራችሁ ቁጥር ይብሳል።

ሲስማሙ ደግሞ መንገር አያሻም፤ እጃችሁ ያውቀዋል። ክሩ ከኋላ ሲዘረጋ ዘንጉን ለስለስ አድርጎ ይስበዋል። ቀለበቱ ጠባብ ሆኖ ይሄዳል። ቀዩ ሱፍ ከሁሉም በኋላ ተዘርግቶ ቀስ ብሎ ያርፋል።

አዲስ ክር ከማስመጣታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አለ፤ ወጪ የለውም። ስድስት ሜትር ላይ ካቃታችሁ ክሩን ወደ ዘጠኝ ተኩል ልቀቁ። ክብደቱ ስለጨመረ ከባድ ክር ያሰራችሁ ያህል ነው። በዚያ ርቀት ዘንጉ ከነቃ አንድ ቁጥር መጨመር ይበጃችኋል። ካልነቃ ችግሩ ከእጅ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ሳምንት ተለማመዱና እንደገና ሞክሩ።

ለዘመድ የምትልኩት መልእክት

«የፍላይ ክር 6 ቁጥር» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ የመጣው ሁሉ 6 ይባላል። የእኔ መልእክት እንዲህ ነበር፦ «የሚንሳፈፍ፣ ክብደቱ ወደ ፊት የሆነ፣ 6 ቁጥር። ካርቶኑ ላይ የመጀመሪያው 9.14 ሜትር ክብደት ከ9.9 እስከ 10.9 ግራም፣ ወይም ከ152 እስከ 168 ግሬይን መሆኑን አይተህ ግዛ። ስፔይ የሚል አትግዛ።» የአክስቴ ልጅ ካርቶኑን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ አይቼ እሺ አልኩት።

ማጠንጠኛችሁንም አትርሱ። ከባድ ክር ወፍራም ነው። ለ5 ቁጥር ልክ የሞላ ማጠንጠኛ 6 ሲጠቀለልበት ይጨናነቃል። ከሥር ያለውን የመጠባበቂያ ፈትል ጥቂት ሜትር ቀንሱለት፤ ይበቃል።

ሲያልቅ ያገኛችሁትን ጻፉት። እኔ እጀታው ሥር ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ እንዲህ ብያለሁ፦ «ቅርብ 6፣ ሩቅ 5»።